ፊትና ነጠላ፦ በቪዲዮ ቅንብር ማስክንና የቀለም እርማትን አጣምሮ ስለ መጠቀም

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት አረጋዊት እናት በመስኮት አጠገብ ተቀምጠው ስለ ልጅነት ዘመናቸው ሲተርኩ በቪዲዮ ቀርጸናቸው ነበር። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል። ምስሉን ቆይተን ስንመለከተው ነጠላው ጥርት ብሎ ሲታይ ፊታቸው ግን በጥላ ተውጧል። እኛም ብዙ ሳናስብ ምስሉን በሙሉ አደመቅነው። ፊታቸው በርግጥ ወጣ፤ ነጠላው ግን ሽመናውም ጥለቱም ጠፍቶ ባዶ ወረቀት መሰለ። ባሳየናቸው ጊዜ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አባ፣ ጥለቴ የት ገባ?»

ካሜራ ብርሃንን በራሱ ሲመጥን ትዕይንቱን አጠቃልሎ ይለካል። ብዙ ነጭ ነገር ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ስለሚመስለው ምስሉን ያጠቁረዋል፤ ጠይሙ ፊትም አብሮ ይጨልማል። ጉዳዩ የቆየ ታሪክም አለው። የኮዳክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፎቶ አጣቢዎች ቀለም የሚያስተካክሉበት «የሸርሊ ካርድ» የተባለ መመሪያ ምስል ያሠራጭ ነበር፤ በካርዱ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ናት። ልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች በአንድነት የሚታዩበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። ፎቶግራፋችን ሲጨልም ጥፋቱን በገዛ ፊታችን ላይ ያደረግንበት ዘመን እንግዲህ አጭር አይደለም።

ማስክ ማለት በምስሉ ላይ የሚከለል ስፍራ ነው፤ የምናደርገው የብርሃን ወይም የቀለም ለውጥ በክልሉ ውስጥ ብቻ ይሠራል። አሳቡ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። የፎቶ ባለሙያዎች በጨለማ ክፍል ውስጥ ሲያትሙ በሽቦ ጫፍ የተጣበቀ ትንሽ ካርቶን በብርሃኑና በወረቀቱ መካከል ይዘው ፊት ከመጠን በላይ እንዳይጠቁር ይከላከሉ ነበር። ካርቶኑን ያለማቋረጥ ያወዛውዙታል፤ ቢያቆሙት ጠርዙ በወረቀቱ ላይ ይታተማልና። ዛሬ በቅንብር ፕሮግራሞች ውስጥ የማስክን ጠርዝ የምናለሰልሰው ስለዚሁ ምክንያት ነው።

ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። አስቀድሞ ምስሉ በሙሉ ይታረማል፤ ነጠላው ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ካደላ የሚቃናው እዚህ ላይ ነው። ይህን ዘልለን ፊቱን ብቻ ብናርም ፊቱና አንገቱ የሁለት ሰዎች ይመስላሉ። የአጠቃላዩም ብርሃን መጠን የሚወሰነው በነጠላው ነው፤ ጥለቱ እስከሚታይ ድረስ ብቻ እናደምቃለን፤ ፊቱ ለጊዜው ቢጨልም ግድ የለም። ከዚያ በኋላ በፊቱ ላይ ከፊቱ ጥቂት ሰፋ ያለ እንቁላል መሳይ ማስክ አኑረን ጠርዙን በሰፊው እናለሰልሳለን፤ መካከለኛውን ብርሃን ብቻ ቀስ አድርገን ከፍ እናደርጋለን። ጥቁሩን ክፍል ከነካን ዐይንና ቅንድብ ግራጫ ይሆናሉ።

ሰው ግን ሲናገር ይንቀሳቀሳል። በነጻ በሚገኘው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ማስኩ «ፓወር ዊንዶው» ይባላል፤ ትራከር የተባለው መሣሪያም ማስኩን ከፊቱ ጋር ያስኬደዋል። ተናጋሪው እጁን በፊቱ ፊት ሲያሳልፍ ትራከሩ ሊስት ስለሚችል በዚያ ቦታ ቆሞ በእጅ መመለስ ያስፈልጋል። ይህ ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው።

ሁለቱ መሣሪያዎች ይበልጥ የሚረዳዱት እዚህ ላይ ነው። ኳሊፋየር የተባለው መሣሪያ በስፍራ ሳይሆን በቀለም ይመርጣል፤ የቆዳውን ቀለም ብንጠቁመው ያንኑ ቀለም ከምስሉ ሁሉ ይለቅማል። ነገር ግን የእንጨት በርና የጭቃ ግድግዳ ከእኛ ቆዳ ጋር ስለሚቀራረቡ አብረው ይመረጣሉ። ማስኩን ስንጨምርበት ምርጫው በፊቱ አካባቢ ይወሰናል፤ በሩ ይቀራል፤ በማስኩ ውስጥ የገባው የነጠላ ጠርዝም ቀለሙ ሌላ ስለሆነ አይነካም። የእነዚያ እናት ጥለት የዳነው በዚህ መንገድ ነው።

ውጤቱን ለመመዘን ቬክተርስኮፕ የተባለውን መለኪያ እንመልከት። በላዩ የቆዳ ቀለም መስመር አለ፤ የጠይሙም የቀዩም ሰው ቆዳ በዚያው መስመር አቅራቢያ ያርፋል። የሚለያዩት በዋናነት በብርሃን መጠንና በቀለሙ ድምቀት ነው። ስለዚህ ፊትን ማብራት ሌላ፣ ፊትን ማንጣት ሌላ ነው። በአንዳንድ የሠርግ ቪዲዮዎች ሙሽሪትን ከእኅቷ ለይተው የሚያነጡት በዚሁ መሣሪያ ነው፤ እኛ ይህን አንቀበለውም። ፊቱን ያበራነው ሰው ራሱን በምስሉ ሲያይ «ይህ እኔ ነኝ» ማለት አለበት።

ገደቡንም መዘንጋት አይገባም። ብዙ የስልክ ቪዲዮዎች 8 ቢት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አላቸው (10 ቢት ሲሆን 1024 ነው)። የጨለመ ፊት እጅግ ከፍ ሲደረግ ሻካራ ነጠብጣብ ይወጣበታል። በቀረጻ ጊዜ ፈጽሞ የተቃጠለ ነጭ ደግሞ በምንም ማስክ አይመለስም። ስለሆነም ነጠላው እንዳይቃጠል ጥቂት አጨልሞ መቅረጽ ይሻላል፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን ተናጋሪውን ወደ መስኮቱ አዙሮ ማስቀመጥ ነው፤ ያን ጊዜ ማስክ ላያስፈልግም ይችላል!

በስልክ ብቻ የምትሠሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ቪዲዮውን አባዝታችሁ ቅጂውን ከዋናው በላይ አድርጉ፤ የላዩን አድምቁት፤ ከዚያም በማስክ ፊቱን ብቻ አስቀሩ። ሥራው ሲያልቅ በስልኩ መስታወት ላይ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ የስልኩ ብርሃን ያታልላል። ሕዝቡ በሚያይበት ቴሌቪዥን ላይ፣ መብራቱ በርቶ ሳለ፣ አንድ ጊዜ ተመልከቱት።