ስለ ምግብ ሒሳብ፤ የካሎሪ ድርሻ ከመቶ ስንት እጅ እንደ ሆነ ስለ ማስላት

ሰው ያለ ምግብ ሊኖር እንደማይችል የማያውቅ የለም። ነገር ግን ከምግቡ የሚያገኘው ኀይል ከየትኛው ክፍል ምን ያህሉ እንደ ሆነ አስልቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው። በታሸጉ ምግቦች ላይ የፕሮቲን፥ የካርቦሃይድሬትና የቅባት መጠን በግራም ተጽፎ ስለሚገኝ፥ ይህ ሒሳብ ለመምህራንም ሆነ ለቤተ ሰብ አስተዳዳሪዎች የሚጠቅም መሆኑን በማመን ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

ካሎሪ ማለት የምግብ ኀይል የሚለካበት መስፈሪያ ነው። በምግብ ትምህርት አንድ ካሎሪ የሚባለው አንድ ኪሎ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ሲሆን፥ በማሸጊያዎች ላይ ኪሎ ካሎሪ ተብሎ የሚጻፈውም ይኸው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1844 እስከ 1907 የኖሩት አሜሪካዊው ሊቅ ዊልበር አትዎተር የልዩ ልዩ ምግቦችን ኀይል በብዙ ምርምር ለክተው፥ ዛሬም የሚሠራበትን አማካይ ልክ አስገኝተዋል። ይኸውም 1 ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ፥ 1 ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ፥ 1 ግራም ቅባት ግን 9 ካሎሪ ይሰጣል።

ለምሳሌ በአንድ ምሳ ውስጥ 85 ግራም ካርቦሃይድሬት፥ 20 ግራም ፕሮቲንና 20 ግራም ቅባት ይገኛል እንበል። በመጀመሪያ ግራሙን ወደ ካሎሪ እንለውጣለን።

ካርቦሃይድሬት፤ 85 × 4 = 340
ፕሮቲን፤ 20 × 4 = 80
ቅባት፤ 20 × 9 = 180
ድምር፤ 600 ካሎሪ

ቀጥሎም የእያንዳንዱን ካሎሪ ለድምሩ አካፍለን በ100 እናባዛለን። በዚህም መሠረት ካርቦሃይድሬት ከመቶ 56.7፥ ፕሮቲን 13.3፥ ቅባት 30 እጅ ይሆናል። ግራሙን ብቻ ደምረን ብናሰላ ኖሮ ቅባቱ ከ125 ግራም 20 ስለ ሆነ ከመቶ 16 እጅ ብቻ መስሎ በታየን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፥ አዋቂ ሰው ከቅባት የሚያገኘው ኀይል ከመቶ 30 እጅ እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህም የሚቈጠረው በካሎሪ እንጂ በሚዛን አይደለም።

በዚሁ ምሳ ወጥ ላይ 14 ግራም ያህል የሚመዝን አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቢጨመር፥ 126 ካሎሪ ተጨምሮ ድምሩ 726 ይሆናል። የቅባቱም ድርሻ ወደ 42 እጅ ከፍ ሲል የፕሮቲኑ ወደ 11 ዝቅ ይላል። ይሁን እንጂ ፕሮቲኑ ያው 20 ግራም ነው፤ የቀነሰው ድርሻው እንጂ መጠኑ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ልንጠነቀቅበት የሚገባው ነገር ይህ ነው። ያው ምሳ በግማሽ ቢቀነስ ካሎሪው 300፥ ፕሮቲኑም 10 ግራም ብቻ ይሆናል፤ የከመቶው ድርሻ ግን ምንም አይለወጥም። እንግዲህ የከመቶ ድርሻ ያማረ መስሎ እየታየ ሕፃን ልጅ ሊራብ ይችላል። ድርሻው የምግቡን ዓይነት ይነግረናል እንጂ መጥገቡን አይነግረንም።

ስለዚህ መምህራን ይህን ሒሳብ ሲያስተምሩ፥ አስቀድሞ የካሎሪውን ድምርና የፕሮቲኑን ግራም፥ ከዚያም የከመቶውን ድርሻ እንዲመለከቱ ተማሪዎቻቸውን ያስለምዱ ዘንድ እናሳስባለን።