ቤንዚን የሚሸት መኪና ስንት ይቀነስለታል?

በአዲስ አበባ የአሮጌ መኪና ገበያ ውስጥ ድርድር ከሚያፈርሱ ጥቃቅን ነገሮች አንዱ የቤንዚን ሽታ ነው። ገዢው በሩን ከፍቶ ገና ሲቀመጥ ፊቱን ያጨማድዳል። ደላላው “አሁን ሞልተነው ስለመጣን ነው” ይላል። ሻጩ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ የሚካሄደው ድርድር በግምት ነው። ገዢው የማያውቀውን ነገር ፈርቶ ዋጋ ሲሰብር፣ ሻጩ ምናልባት ለአንድ የክዳን ጎማ ሲል ብዙ ብር ያጣል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ከሆነም ገዢው የተሰነጠቀ ሳልባትዮ በሙሉ ዋጋ ገዝቶ ይሄዳል።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የአሮጌ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ቦታ ደህናው ዕቃ ከመጥፎው ጋር አብሮ እንደሚረክስ አሳይቷል። በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። በኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ቀድመው የገቡት ቪትዞችና ኮሮላዎች እያረጁ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ጎማና ቱቦ ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ስለሆነም ሽታውን ማንበብ መቻል ገንዘብ ነው።

ለማንበብ በቅድሚያ ሳልባትዮ እንደሚተነፍስ ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተሩ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲወስድ በምትኩ አንድ ሊትር ያህል አየር መግባት አለበት። ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ቤንዚኑ ይተንና ግፊቱ ይጨምራል፤ ትርፉ መውጫ ይፈልጋል። በድሮ መኪኖች ይህ ሁሉ በክዳኑ ቀዳዳ ወይም በቀጭን ቱቦ በኩል ወደ ደጅ ይሄድ ነበር፤ መጠነኛ ሽታም የተለመደ ነበር። በኋላ የመጡት ግን ተኑን ከሰል ወደተሞላ ጣሳ ይልኩታል። ከሰሉ ተኑን ይይዛል፣ ሞተሩ ሲሠራ አንድ ቫልቭ ይከፈትና ሞተሩ ስቦ ያቃጥለዋል። በሌላው ጫፍ ጣሳው ንጹሕ አየር የሚያስገባ የራሱ መተንፈሻ አለው። እንግዲህ ጤነኛ የሆነ የዚህ ዘመን መኪና ቆሞ ቤንዚን መሽተት የለበትም።

ሽታው መቼ ይመጣል የሚለው ጥያቄ ግማሹን ሥራ ይሠራል። ከሞሉ በኋላ ብቻ ከሆነ ጥርጣሬው በሳልባትዮው የላይኛው ክፍል ላይ ይወድቃል፦ የክዳኑ ጎማ፣ ከመሙያው አፍ እስከ ሳልባትዮ የሚወርደው ወፍራም ቱቦ፣ ወይም በብዙ አነስተኛ መኪኖች ከኋላ መቀመጫ ሥር የሚገኘው የነዳጅ ፓምፕ ማሸጊያ ጎማ። ይህን ማሸጊያ ለማየት መቀመጫውን ማንሳት በቂ ነው፤ አካባቢው አቧራ ይዞ ከረጠበ መልሱ እዚያው ነው። ሌሊት ቆሞ ጠዋት ሲነሳ ኮፈኑ ሥር የሚሸት ከሆነ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦና የኢንጀክተሮቹ ቀለበት ጎማዎች ይታዩ። ሽታው ከማርሚታው ከሆነ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው፤ ጉዳዩ የካንዴላ ወይም የሞተር እንጂ የሳልባትዮ አይደለም።

ክዳኑ ሲከፈት የሚሰማው “ፉሽ” ብዙ ገዢዎችን ያስደነግጣል። እዚህ ላይ የአገሩን መልክዓ ምድር ማስታወስ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። አዋሽ ሰባት ኪሎ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የወጣ መኪና ሳልባትዮ ውስጥ ያለው ተን ከውጪው አየር በልጦ ስለሚገኝ ሲከፈት ይተነፍሳል። ወደ ቆላ ሲወርድ ደግሞ በተቃራኒው አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። አጭር ትንፋሽ ምንም አይደለም። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ መኪና ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ለረጅም ጊዜ ወደ ውስጥ የሚስብ ከሆነ ግን መተንፈሻው ተዘግቷል ማለት ነው። ምልክቱም አለው፦ ግማሽ ሰዓት ያህል ነድተውት ይደክማል፣ ይጠፋል፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሲዘጋ እንደገና ይነሳል። በዚህ ምክንያት ደህና ፓምፕ የተቀየረለት መኪና ጥቂት አይደለም።

መተንፈሻውን የሚዘጋው ጭቃና አቧራ ብቻ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. ማዝዳ በሰሜን አሜሪካ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ማዝዳ 6 መኪኖችን ለጥገና የጠራው ሸረሪት በመተንፈሻው ቱቦ ውስጥ ድር ስለምታደራበት ነበር። ቱቦው ሲዘጋ በሳልባትዮው ውስጥ የሚፈጠረው ስበት ሳልባትዮውን ሊሰነጥቀው ይችላል። በ2014ም ለተመሳሳይ ምክንያት እንደገና ጠርቷል።

ሌላው ጥፋት የአሽከርካሪው ነው። ነዳጅ ወረፋ በሚበዛበት ጊዜ ማሽኑ ራሱ “ቀጭ” ብሎ ካቆመ በኋላ እስከ አፉ ጢም ማስደረግ የተለመደ ነው። ትርፉ ቤንዚን ፈሳሽ ሆኖ ወደ ከሰሉ ይገባል። የራሰ ከሰል ተን አይዝም። ከሞሉ በኋላ ለመነሳት የሚያስቸግር መኪና ደግሞ ከሰሉን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ቫልቭ ክፍት ሆኖ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው የማደያው ማሽን ሳይሞላ በየጥቂት ሊትሩ የሚቆም ከሆነ አየሩ መውጫ አጥቷል።

የከሰል ጣሳ መለዋወጫው ውድ ሲሆን አንዳንድ ጋራዦች ነቅለው ይጥሉትና ቱቦውን በብሎን ይደፍኑታል፤ ወይም ክዳኑን ይበሱታል። የተደፈነው መተንፈስ ያቅተዋል፣ የተበሳው ቀን ከሌት ይሸታል፣ ሲታጠፍም ያፈሳል። ገዢው ኮፈን ከፍቶ ወይም ከሥር አጎንብሶ ጫፉ የተደፈነ ቀጭን ቱቦ ካየ፣ የመኪናውን ሌላ ጥገናም በዚያው ዓይን ቢመለከት አያጠፋም። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ይህን ጉድለት በዳሽቦርድ መብራት ያሳውቃሉ። ለሌላ ገበያ የተሠሩት ብዙዎቹ ግን ምርመራው ስለሌላቸው መብራቱ አለመብራቱ ማስረጃ አይሆንም።

ወደ ዋጋው ሲመጣ ክዳን፣ ማሸጊያና ቱቦ ሶማሌ ተራ ተጠይቆ በዚያው ልክ የሚቀነስ ነው፤ ከዚያ በላይ መጠየቅ ሻጩን መበዝበዝ ነው። ቫልቭና የከሰል ጣሳ ከፍ ይላል። ፈሳሽ ቤንዚን ግን በዋጋ አይታይም። መሬት ላይ ጠብታ፣ የረጠበ ቱቦ ወይም የዛገ ሳልባትዮ ያለው መኪና ሳይጠገን መነዳት የለበትም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል። ተኑም ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ በጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ሌኪ ለመፈለግ ክብሪት ወይም ላይተር የሚለኩስ፣ ባዶ ነው ብሎ ያልታጠበ ሳልባትዮ የሚበይድ መካኒክ ዘንድ መኪና አይተውም።

ሻጮች መኪናውን ለእይታ የሚያመጡት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ነዳጅ ነው፤ የላይኛው ቀዳዳ እንዲህ አይገለጥም። ገዢው ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ወጪውን ችሎ ማሽኑ እስኪያቆም ድረስ ያስሞላ፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይንዳው፤ መስኮቶቹን ዘግቶ ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ያቁመው። ከዚያም በሩን ከፍቶ መጀመሪያ የኋላውን መቀመጫ፣ ቀጥሎ የመሙያውን አካባቢ፣ በመጨረሻ ኮፈኑን ያሽት።