መስማት የተሳነውን ልጅ ከበሮው አጠገብ አቁሙት

በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ልዩ ፍላጎት ያለው ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ጥግ ይዞ ማጨብጨብ ነው። መምህሩ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ልጁን ላለማስጨነቅ ብሎ ነው። እኔ ግን ይህን ርኅራኄ አልቀበለውም። ትምህርቱን ከማቅለል በፊት ድምፁ ወደዚህ ልጅ በየት በኩል እንደሚደርስ መፈለግ ይቀድማል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ስኮትላንድ የተወለደችው ኤቭሊን ግሌኒ ገና በ12 ዓመቷ የመስማት ችሎታዋ እጅግ ተዳክሞ ነበር። የከበሮ መምህሯ ሮን ፎርብስ ግን አላሰናበታትም። ቲምፓኒ የሚባለውን ትልቅ ከበሮ እየመታ እሷ እጆቿን ግድግዳው ላይ ታሳርፍ ነበር። እንዲህ እየተለማመደች ወፍራሙን ድምፅ በእግሯ፣ ቀጭኑን በፊቷና በአንገቷ መለየት ቻለች። ኋላም ለንደን በሚገኘው የሮያል ሙዚቃ አካዳሚ ተምራ በዓለም መድረኮች ታወቀች። ብዙ ጊዜ ባዶ እግሯን የምትጫወተው የወለሉን ንዝረት ለመቀበል ነው።

ለዚህ ቲምፓኒ አያስፈልግም። የእኛ ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ልጁ ጫማውን አውልቆ፣ መዳፉን የከበሮው ጎን ላይ አድርጎ ይቁም። ሁለቱን ፊት እያፈራረቃችሁ ምቱ፤ ቀጥሎ ዓይኑን ጨፍኖ የትኛው እንደተመታ በጣቱ ያመልክት። ስታስረዱት ግን አደራ፣ ከንፈራችሁን እንዲያይ ወደ ሰሌዳው ዞራችሁ አትናገሩ።

ጣቶቹ እንደልብ ለማይታዘዙለት ልጅ ክራር ይስማማዋል። አስቀድማችሁ በትዝታ ከቃኛችሁት የነካው ክር ሁሉ ከቅኝቱ አይወጣም። ክራር ሲገረፍ ግራ እጅ ክሮቹን ማፈን ስላለበት ይከብደዋል፤ ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ አስደግፉለትና በአንድ ጣት ይደርድር። ሁለት ክር ብቻ እየደጋገመ የክፍሉን ዘፈን ቢያጅብ እንኳ፣ እሱ ሲያቆም ዘፈኑ የሚጎድልበት ድርሻ ይሁን።

ዓይነ ስውር ተማሪን በጆሮው ብቻ ማስጠናት የተለመደ ነው። ኖታ ግን በጣትም ይነበባል፤ የዓይነ ስውራንን የነጥብ ጽሕፈት የፈጠረው ሉዊ ብሬል ራሱ ኦርጋን ተጫዋች ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1829 ባሳተመው መጽሐፍም የሙዚቃ ኖታን በነጥብ መጻፊያ ዘዴ አካቷል። የሚያነበው እጅ ግን በዚያው ቅጽበት መጫወት አይችልም። ተማሪው ጥቂት በጥቂት እያነበበ በቃሉ መያዝ ስለሚኖርበት ኖታው ከሌሎቹ ቀድሞ ይድረሰው።

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ድንገተኛ ድምፅ ሊያስጨንቀው ይችላል። ከበሮው ከመመታቱ በፊት በእጅ ምልክት አሳውቁት፤ በበሩ አቅራቢያ ይቀመጥ፤ ሲበዛበት ወጥቶ ሲረጋጋ ይመለስ። ሲመለስም የት እንደነበረ አትጠይቁት፤ ድርሻውን ስጡት።