በቆሎን ያለ ብዙ መድኃኒት እንዴት እናርም?

እኔ የ8ኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነኝ። ዛሬ ስለ በቆሎ አረም ትምህርት ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። እዚህ ነቀምቴ ብንማርም የብዙዎቻችን ቤተሰቦች ገበሬዎች ስለሆኑ ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል።

መጀመሪያ እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ካቻምና ሰኔ ላይ የ6ኛ ክፍል ፈተና ደርሶብኝ ነበር። በቆሎው ደግሞ በአረም ተውጧል። አባዬ «አንተ ፈተናህን አጥና፣ እኔ መድኃኒት እረጫለሁ» አለኝ። መርጫ ተውሶ ቱ ፎር ዲ ረጨ። መለኪያ ስላልነበረን የቀላቀለው በግምት ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ጨጎጊቱ ጠወለገና ደስ አለን። ግን እማዬ በበቆሎው መሐል የዘራችው ቦሎቄና ዱባም አብሮ ተጠማዞ ደረቀ። ሰርዶው ግን ምንም አልሆነም! እማዬ ዝም አለች። ያ ቦሎቄ እኮ የመስከረም ወጣችን ነበር። በእኔ ፈተና ምክንያት የጠፋ መስሎ ተሰማኝ።

ምክንያቱን የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኩ። ቱ ፎር ዲ የሚገድለው ሰፊ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች ነው። ጨጎጊት፣ ቦሎቄና ዱባ ሰፊ ቅጠል አላቸው። በቆሎና ሰርዶ ግን ሁለቱም የሣር ወገን ስለሆኑ ይተርፋሉ። መድኃኒቱ አረምና ወጥ አይለይም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

1ኛ. በመስመር መዝራት፦ ገመድ ወጥሮ በመስመሮች መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር መተው ነው። ከእኛ ብዙ በማይርቀው በባኮ የምርምር ማዕከል እንደ ቢኤች 660 ያሉ የበቆሎ ዝርያዎች ወጥተዋል። ጥሩ ዘር ግን መስመር ከሌለው ለመኮትኮት ያስቸግራል።

2ኛ. በጊዜ መኮትኮት፦ በቆሎን አረም በጣም የሚጎዳው ገና ትንሽ ሳለ ነው። ስለዚህ በተዘራ በ25 እና በ30 ቀን መካከል መጀመሪያውን ኩትኳቶ መጨረስ ነው። ፀሐይ ያለበት ጠዋት ይመረጣል፤ ዝናብ ካገኘው የተነቀለው አረም መልሶ ሥር ይሰዳል። ሰርዶ ከሆነ ሥሩን ለቅሞ ከማሳ ማውጣት ነው፤ ቁራጩም ይበቅላልና።

3ኛ. ሺልሻሎ፦ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ በጥማድ በሬ በመስመሮቹ መሐል ማረስ ነው። በሬዎቹ በቆሎውን እንዳይበሉ አፋቸው ይታሰራል። ማረሻው አረሙን ይገለብጣል፣ አፈሩንም ወደ ግንዱ ያስጠጋል። ቦሎቄ መሐል ላይ ካለ ግን ሺልሻሎ ስለማይመች በእጅ መኮትኮት ነው።

4ኛ. የግድ መድኃኒት ካስፈለገ መቀነስ፦ እስቲ እናስላ። ከ75 ሳንቲ ሜትሩ 50ውን ማረሻ ከሠራው የሚቀረው 25 ነው። በዚያ ላይ ብቻ ከተረጨ መድኃኒቱ በአንድ ሦስተኛ ይበቃል። የሚረጭ ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፣ ነፋስ ሲኖር አይርጭ። ባዶ ዕቃውን ለውኃ ወይም ለወተት በፍጹም አንጠቀም!

አምና ግንቦት በገመድ ዘራን፤ የገመዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከፈተናው በፊት ባሉት ቅዳሜና እሁዶች ከጎረቤት ጋር በደቦ ኮተኮትን። እውነቱን ለመናገር ሥራው ይከብዳል፤ መድኃኒቱ የአንድ ቀን ሥራ ነበር፣ ኩትኳቶው ግን አራት ቀን ፈጀ፣ መዳፌም ውኃ ቋጠረ። ግን ፈተናዬንም አለፍኩ፣ ዘንድሮ መስከረምም የእማዬን ቦሎቄ በላን።

የዛሬው ጥያቄ፦ 50 ሜትር በ20 ሜትር በሆነ ማሳ በ75 እና በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ስንት በቆሎ ይተከላል? መልሱን በሚቀጥለው እትም ይዘን እንቀርባለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!