የመንገደኛው ጫማ፤ ምክንያትን በዐረፍተ ነገር ስለ መግለጽ

በዚህ ትምህርት የምትለማመዱት አመዛዛኝ ድርሰትን ነው። አመዛዛኝ ድርሰት ማለት ጸሐፊው ከቀረቡለት ነገሮች መካከል አንዱን መርጦ፣ ለምን እንደ መረጠው በምክንያት የሚያስረዳበት ድርሰት ነው። የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ጉልበቱ ምክንያቱ ነው። በአማርኛ ምክንያትን ከምንገልጽባቸው መንገዶች አንዱ ከግሥ በፊት የሚገባው «ስለ» ነው፤ «ስለ መጣ»፣ «ስላልመጣ»፣ «ስለሚመጣ» እንደምንለው። ይህች ትንሽ ቃል ብዙ ትሸከማለች። የተሸከመችው ነገር እውነት ካልሆነ ግን፣ ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው በኩል አንዳች ጉድለት ሳይገኝበት ሐሰት ይናገራል።

ለልምምድ የቀረበው ርእስ «ወደ አውሮፓ የሚሄድ መንገደኛ የትኛውን ጫማ ይያዝ?» የሚል ነው። ርእሱ ለጨዋታ የተሰጠ አይምሰላችሁ። የጫማ ምክንያት የአንድን ሰው፣ እንዲያውም የአንድን አገር ስም እስከ መንካት እንደሚደርስ ወደ በኋላ ታያላችሁ።

መነሻው እንዲህ ነው እንበል። ቤቷ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የሆነ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሮም ከሚኖሩት አክስቷ ዘንድ አንድ ወር ልትሰነብት ተዘጋጅታለች። የምትሄደው በሐምሌ ነው። አራት ጥንድ ጫማ አላት፤ ለበዓል የምታደርገው ባለ ታኮ፣ ለትምህርት ቤት የምታደርገው ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ ሸራ ጫማና ነጠላ ጫማ። ሻንጣዋ ከሁለት ጥንድ በላይ አይችልም። አባቷ ደግሞ «ከፒያሳ አዲስ ልግዛልሽ» ብለዋታል። የቱን ትያዝ? ይህን ጥያቄ በመመለስ የተጻፈ አንድ አንቀጽ ቀጥሎ ቀርቧል።

«ወደ ሮም ስሄድ ባለ ታኮ ጫማዬን እለብሳለሁ። ምክንያቱም በጣም ቆንጆ ስለሆነ ነው። አውሮፓ የሠለጠነ አገር ስለሆነ ቆንጆ ጫማ ያስፈልጋል። በክረምት ስለምሄድም ዝናብ የማያስገባ ቦት ጫማ እገዛለሁ።»

አንቀጹን ደግማችሁ አንብቡ። «ስለ» ሦስት ጊዜ ገብቷል፤ ነገር ግን አንድም የሚያሳምን ምክንያት አልተገኘም። በመጀመሪያ፣ «ምክንያቱም» እና «ስለሆነ ነው» አንድ ሥራ የሚሠሩ ስለሆኑ ባንድነት መግባታቸው ድግግሞሽ ነው። «ምክንያቱም በጣም ቆንጆ ነው» ወይም «የምይዘውም ቆንጆ ስለሆነ ነው» ቢባል በቂ ነበር። ሁለተኛ፣ አውሮፓ አህጉር እንጂ አገር አይደለም። እንዲያውም ይህ ዐረፍተ ነገር ስለ ጫማው ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ጸሐፊዋ ሥጋት ነው። በሰው አገር ሰው እንዳይንቃት ፈርታለች። ፍርሃቷ የሚያስነቅፍ ባይሆንም፣ እንደ ፍርሃት መጻፍ ሲገባው እንደ ማስረጃ ተጽፏል።

«እለብሳለሁ» የሚለውንም ተመልከቱት። በጥሩ አማርኛ ሸማ ይለበሳል፤ ባርኔጣ ይደፋል፤ ቀበቶ ይታጠቁታል፤ ካባ ይደረባል፤ ጫማ ግን ያደርጉታል ወይም ይጫሙታል። «ጫማ ለበሰ» የሚለው አነጋገር በከተማ እየተለመደ ቢመጣም በድርሰት ባይገባ ይመረጣል። «ጫማ» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ነገር ይጠራል፤ እግር የሚያጠልቀውንና የእግርን የታችኛውን ገጽ። ልጅ የአባቱን ጫማ ሳመ ሲባል የተሳመው ቆዳ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተሸሽጓል። «ክረምት» በእኛ አገር ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ የሚዘልቀው የዝናብ ወራት ነው። በዚያው ወራት ግን ሮም ፀሐይ የሚበረታባት፣ ዝናብም የሚጠፋባት ናት። በአንጻሩ በእኛ በጋ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ሮም ብርድና ዝናብ አላት። ስለዚህ «በክረምት ስለምሄድ» የሚለው ሐረግ ለአዲስ አበባ እውነት ሲሆን ለሮም የተገላቢጦሽ ነው። ልጅቷ በፒያሳ ዝናብ መነሻነት ቦት ጫማ ገዝታ በሮም ሐሩር እግሯን ልትቀቅል ነው። ስለ ሩቅ አገር የአየር ጠባይ ስትጽፉ የወሩን ስም ጥሩ እንጂ «በጋ» ወይም «ክረምት» ብላችሁ አትለፉ።

እንግዲህ ምክንያት ከየት ይምጣ? ጫማ የሚመረጠው በሦስት ነገሮች ነው፤ በእግሩ፣ በመሬቱና በሥራው። የአራዳ ልጅ ስለ መሬት የምታውቀው ብዙ ነው። ከጊዮርጊስ ተነሥታ፣ ፒያሳን አልፋ፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ወርዳ እንደገና ወደ አራት ኪሎ ስትወጣ፣ ቁልቁለቱ የእግሯን ጣቶች ወደ ጫማው አፍንጫ ሲገፋቸው፣ ዳገቱ ደግሞ ተረከዟን ሲልጠው አይታለች። የጥንቷ ሮም መካከል ብዙው መንገድ በትናንሽ ጥቁር ድንጋዮች የተነጠፈ ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ክፍተት አለ። ቀጭን ታኮ በዚያ ክፍተት ይሰነቀራል። በከተማችን የድንጋይ ንጣፍ ላይ በታኮ የሄደች ሴት ይህን ለማወቅ ሮም ድረስ መድከም አያስፈልጋትም።

የእግሩም ነገር እንዲሁ ነው። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆምና ሲሄድ ጥቂት ያብጣል፤ ስለዚህ ጫማ በማለዳ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ቢለካ ይሻላል። በጫማው ላይ የተጻፈው ቁጥርም ብቻውን አይታመንም። እኛ የምንጠቀምበት የአውሮፓ ቁጥር የሚቆጠረው በሳንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፤ 42 ቁጥር ጫማ የሚሰፋበት ቅርጽ 28 ሳንቲሜትር ያህል ይረዝማል ማለት ነው። ይህ ግን የሚናገረው ስለ ርዝመት ብቻ ነው፤ ስለ ስፋት ምንም አይናገርም። ሁለት 42 ቁጥር ጫማዎች አንዱ ሲመች ሌላው የሚቆረጥመው ስለዚህ ነው። በመጨረሻም አዲስ ጫማ እግርን ሳይለምድ ለረጅም መንገድ አይታመንም። አባትየው ከፒያሳ የሚገዙላት ጫማ ከጉዞው ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድሞ ካልተገዛ፣ ቤት ቢቀር ይሻላል።

አሁን አንቀጹ ታርሞ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል።

«ወደ ሮም የምይዘው ሸራ ጫማዬንና ጥቁሩን የቆዳ ጫማዬን ነው። ሸራውን የመረጥሁት በሐምሌ ሮም ስለምትሞቅና መንገዷም በአመዛኙ በእግር የሚታይ ስለሆነ ነው። ጥቁሩ ቆዳ አሮጌ ቢሆንም እግሬን ለምዶታል፤ ሊስትሮ ቢጠርገው ለቤተ ክርስቲያንም ለግብዣም ይበቃል። ባለ ታኮው ከሁሉ የሚያምር ቢሆንም በድንጋይ ንጣፍ ላይ ስለማያስኬድ ትቼዋለሁ። አባቴ ሊገዙልኝ ያሰቡት አዲስ ጫማም እስክመለስ ቢቆይ እመርጣለሁ፤ ጉዞው አንድ ሳምንት ስለቀረው እግሬን ለማልመድ ጊዜ የለኝምና።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ «ቢሆንም» ሁለት ጊዜ እንደ ገባ አስተውሉ። ጸሐፊዋ የተወችውን ጫማ ውበት አልካደችም፤ የያዘችውንም አሮጌነት አልሸሸገችም። ማመዛዘን ማለት ይህ ነው። አንዱን ወገን ብቻ ቆልሎ ሌላውን ባዶ የተወ ሚዛን አልመዘነም።

በነገራችን ላይ፣ ልጅቷ በቦርሳዋ የምትከተው «ካልሲ» ስሙን ያገኘው ከጣሊያንኛ ነው። «ቦርሳ»፣ «ታኮ»፣ «ጎማ» እና «ፒያሳ»ም እንደዚሁ። ሮም ገብታ ካልሲ ብትጠይቅ ሻጩ ሳይረዳት አይቀርም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የክቡር ዘበኛ ባልደረባ የሆነው አበበ ቢቂላ በሮም ኦሊምፒክ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ነጥብ 2 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። ከእርሱ በፊት ማራቶንን በዚህ ፍጥነት የፈጸመ አልነበረም። ሩጫው ሲያበቃ ጨለማ ነበር፤ መንገዱ የጥንቱን የአፒያ ጎዳና ድንጋይ ይጨምር ነበር። ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ፣ በወረራው ዘመን ተወስዶ በዚያ በቆመው የአክሱም ሐውልት አጠገብ አልፏል። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም ቆሟል።

ይህን ድል የሚያወሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር ይጽፋሉ።

ሀ. አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ ስላልነበረው ነው።

ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ ፍጹም ነው። «የሮጠው … ነው» የሚለው አሠራር አንባቢውን «ለምን?» አሰኝቶ መልሱን በመካከል ያስቀምጥለታል። መልሱ ግን ሐሰት ነው። አበበ በሮም ሳለ አዲስ የመሮጫ ጫማ ገዝቶ ነበር። ጫማው ስላልተስማማው እግሩን ውኃ አስቋጠረው። በባዶ እግር መሮጥም ለእርሱ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ በልምምድ ጊዜ ያውቀዋል። ስለዚህ ትክክለኛው ዐረፍተ ነገር ይህ ነው።

ለ. አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው የገዛው ጫማ ስላልተስማማው ነው።

በሀ እና በለ መካከል የተለወጠው ጥቂት ቃል ነው። በሀ ውስጥ ያለው ሰው ድኻ ነው፤ ሌላ አማራጭ አጥቶ የሮጠ ነው። በለ ውስጥ ያለው ሰው ግን ጫማውን ለክቶ፣ ሁለቱን አመዛዝኖ፣ የሚበጀውን የመረጠ ስፖርተኛ ነው። የሀ ጸሐፊ አበበን የሚያሞግስ እየመሰለው ውሳኔውን ነጥቆታል።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ፤ «አበበ ያሸነፈው በባዶ እግሩ ስለ ሮጠ ነው» የሚል። አሁን ሚስጥሩ ባዶው እግር ሆኗል። ይህን ምክንያት ለመፈተን «ቢ … ኖሮ»ን ተጠቀሙበት፤ «ጫማ ተጫምቶ ቢሆን ኖሮ ያሸንፍ ነበርን?» ታሪክ ይህን ጥያቄ ሳይመልስ አልቀረም። በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት 11 ቀን በቶክዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ አበበ ጫማና ካልሲ አድርጎ ሮጠ። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ነጥብ 2 ሴኮንድ ገብቶ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከሮሙ ጋር ሲነጻጸር 3 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ ፈጥኗል። በሮምም በቶክዮም ያሸነፈው ያው ሰው ነው፤ የተለወጠው ጫማው ነው። እንግዲያው የድሉን ምክንያት በባዶው እግር ላይ መጫን አይቻልም።

መልመጃ

1. ቀጥሎ ያለውን ዐረፍተ ነገር ድግግሞሹን አስወግዳችሁ በሁለት ልዩ ልዩ መንገድ ጻፉ። «ነጠላ ጫማዬን አልያዝሁም፤ ምክንያቱም ለረጅም መንገድ ስለማይሆን ነው።»

2. «ሳይሆን» የሚለውን ቃል በመጠቀም ዐረፍተ ነገር ሀን እና ለን አንድ ዐረፍተ ነገር አድርጉ።

3. ልጅቷ የምትሄደው በሐምሌ መሆኑ ቀርቶ በጥር ቢሆን ኖሮ የትኞቹን ሁለት ጫማዎች ትይዝ ነበር? በአንድ አንቀጽ መልሱ። «ቢሆንም» ቢያንስ አንድ ጊዜ ይግባ።

4. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል። በአካባቢው የኖሩ አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት አሮጊት ፈልጋችሁ፣ የመጀመሪያ ጫማቸውን ከየትኛው ሱቅ ወይም ከየትኛው ጫማ ሰፊ እንዳገኙና ለምን ያንን እንደ መረጡ ጠይቁ። የነገሯችሁን ምክንያት እንደ ነገሯችሁ ጻፉ፤ ከራሳችሁ «ስለ» አትጨምሩበት።