ግድግዳና ገመና፦ የቤተሰብ ቤት በመድረክ ተውኔት

በአማርኛ «ቤት» ከግንብና ከጣሪያ በላይ ነው። ባልና ሚስት ሲለያዩ «ቤታቸው ፈረሰ»፣ ወጣቶች ሲጋቡ «ጎጆ ወጡ» ይባላል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ተመልካች መድረክ ላይ ቤት ሲያይ ትእምርቱን ተውኔቱ እስኪያስተምረው አይጠብቅም፤ ከቋንቋው ይዞት ይመጣል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄ የመድረክ ንድፋችን በዚህ ሀብት ምን ያህል ይጠቀማል የሚል ነው።

ለማሳያ የመረጥሁት መንግሥቱ ለማ «ጠያቂ» በሚል ርእስ ወደ አማርኛ ያመጡትን የእንግሊዛዊውን ጄ. ቢ. ፕሪስትሊ ተውኔት ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ይህ ሥራ ሦስቱንም ገቢር በአንድ ሀብታም ቤተሰብ የመመገቢያ ክፍል ይጨርሳል። ቤተሰቡ የልጁን መታጨት ሲያከብር አንድ መርማሪ ይገባል፤ ራሷን ስላጠፋች አንዲት ወጣት ሠራተኛም ይጠይቃል። ደራሲው መብራቱ መርማሪው እስኪመጣ ለስለስ ያለ ሮዝ፣ ከመጣ በኋላ ደማቅና ጨካኝ እንዲሆን አዟል። ክፍሉ ያው ነው፤ መሸፈን ግን አልቻለም። የታጨችው ሺላም እናቷ በራሳቸውና በሟቿ መካከል ግድግዳ እንዳታቆም፣ ቢቆምም መርማሪው እንደሚያፈርሰው ታስጠነቅቃለች።

ይህ ግድግዳ የሚሸፍነው ነገር በአማርኛ ስሙ ገመና ነው። ገመና ከምስጢር ይለያል፤ ምስጢርን ባለቤቱ ይጠብቃል፣ የሰውን ገመና መሸፈን ግን የጎረቤትም ግዴታ ነው። አራተኛው ግድግዳ ተነሥቶለት የተቀመጠ ተመልካች እንግዲህ ያልተፈቀደለትን እያየ ነው። የፕሪስትሊ ተመልካች ፈራጅ ሲሆን፣ የእኛው ፈራጅም ገመና ገላጭም ይሆናል። ተውኔቱ በአማርኛ የሚከብደው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

እስቴፈን ዳልድሪ በ1992 እ.ኤ.አ. በለንደን ናሽናል ቲያትር ሲያዘጋጀው ቤቱን በምሰሶ ላይ የቆመ የአሻንጉሊት ቤት አስመስሎ፣ እውነቱ ሲወጣ ዘምሞ እንዲፈርስ አድርጓል። «ቤቱ ፈረሰ» ለሚል ሕዝብ ይህ ምስል ትርጓሜ አያስፈልገውም።

በድሬዳዋ ያየኋቸው የተማሪ ዝግጅቶች ግን ቤትን ባብዛኛው በተቀባ ኮምፔንሳቶና በአንድ ሶፋ ይወክላሉ፤ የማንም ያልሆነ ቤት። (ችግሩ ገንዘብ ብቻ ነው ለማለት እቸገራለሁ።) ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሐረር ጀጎል ያለው የሐረሪ ቤት የተሻለ ሰዋስው ይሰጠናል። በዋናው ክፍል ያሉት አምስት መደቦች፣ ማለትም ነደባዎች፣ ከፍታቸው ይለያያል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነውም ማዕረግ ነው። ግድግዳው በሴቶች እጅ በተሰፉ ሰፌዶችና በሳህኖች ይሸፈናል። ከበሩ በላይ የሚቀመጥ ጥቅል ምንጣፍ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ መኖሯን ያመለክታል ይባላል። ባለቤቶቹ ሳይናገሩ ግድግዳው ይናገራል።

«ጠያቂ»ን በእንዲህ ያለ ክፍል ማዘጋጀት ግን አደጋ አለው። የአንድን ማኅበረሰብ ቤት የጥፋተኞች ቤት አድርጎ ማቅረብ ተመልካቹን «የእነሱ ገመና ነው» ብሎ እንዲያመልጥ ይረዳዋል፤ ሺላ የፈራችው ግድግዳ በሌላ በኩል ይቆማል። የሚሻለው ጌጡን ትቶ የከፍታውን ሥርዓት ብቻ መዋስ ነው። ያን ጊዜ አዘጋጁ አስቀድሞ የሚመልሰው ጥያቄ ይኖራል፤ መርማሪው ሲገባ ዝቅ ካለው የእንግዳ መደብ ይቀመጣል ወይስ ማንም ሳይጋብዘው ወደ አባወራው መደብ ይወጣል?