የእግር ደም መልስ ከታከመ በኋላ ስለሚቆይ ሕመም

የሕክምና ተማሪ በሰፈሩ ውስጥ አንድ ችግር አለበት፤ ይኸውም ትምህርቱን ገና ሳያጋምስ እንደ ሐኪም መቆጠሩ ነው። እኛም ባለፈው ዓመት ይኸው ደረሰብን። ከመካከላችን የአንዱ አክስት ሃያ ዓመት ሙሉ እንጀራ ሲጋግሩ በእግራቸው ቆመው የኖሩ ሴት ናቸው። የግራ እግራቸው ደም መልስ ተጠማዝዞና አብጦ ስላስቸገራቸው በሌዘር ታከሙ። ባሥራ አንደኛው ቀን አስጠሩን። በጭናቸው ውስጥ እንደ ገመድ የተወጠረ ነገር አለ፤ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ያለው ቆዳ ደንዝዟል። «ልጆቼ፣ ባላስነካው ይሻለኝ ነበር» አሉን። እኛም ደብተራችንን አገላብጠን «እትዬ፣ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ አይስጉ፤ ዕረፍት ያድርጉ» አልናቸው። ከተናገርነው ግማሹ እውነት ነበር።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የደም መልስን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ደም ከልብ ተነሥቶ በደም ቅዳ ወደ እግር ሲወርድ የልብ ግፊት አለው፤ ሽቅብ ሲመለስ ግን በአብዛኛው የሚረዳው የባት ጡንቻ ነው። ስንራመድ ጡንቻው ይኮማተርና በጥልቁ ያለውን ደም መልስ ይጨምቀዋል፤ ደሙም ወደ ላይ ይገፋል። ተመልሶ እንዳይወርድም በሥሩ ውስጥ ትንንሽ መዝጊያዎች አሉ። ስለነዚህ መዝጊያዎች የፓዱው መምህር ፋብሪሲየስ በ1603 (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር) መጽሐፍ አሳተመ፤ እውነተኛ ጥቅማቸውን በ1628 የገለጸው ግን ተማሪው የነበረው ዊልያም ሀርቪ ነው። (ይህን አንቀጽ መምህራኖቻችን ባያነቡት እንወዳለን።)

ሰው ዝም ብሎ ሲቆም በእግሩ ታችኛው ክፍል ያለው የደም መልስ ግፊት ከ80 እስከ 90 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል፤ ሲራመድ ከ30 በታች ይወርዳል። መዝጊያዎቹ ከላሉ ግን ቢራመድም እንደሚገባው አይወርድም። እግር የሚከብደው፣ ማታ ማታ የሚያብጠውና የሚያሳክከው ስለዚህ ነው።

ሕክምናው የላላውን ሥር ከሥራ ማስወጣት ነው፤ ደሙም በጥልቁ ሥርና በሌሎች ደህና ሥሮች በኩል ይሄዳል። በቀድሞው ዘዴ ሥሩ በቀዶ ጥገና ተስቦ ይወጣል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን በቀጭን ቱቦ ሌዘር ወይም የራዲዮ ሞገድ አስገብቶ በሙቀት ከውስጥ መድፈን፣ አለዚያም አረፋ የሆነ መድኃኒት በመርፌ መስጠት ተስፋፍቷል። ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ ሙቀቱን አስቀድሞ፣ አረፋውን አስከትሎ፣ ቀዶ ጥገናውን ሦስተኛ አድርጎታል።

እንግዲህ ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነገር ይህ ነው፦ በሙቀት የተደፈነ ሥር ተነቅሎ አይወጣም። እዚያው ጭን ውስጥ ይቀራል፤ ሰውነትም ቀስ በቀስ ይመጠዋል። ሲጠነክርና ሲኮማተር እንደ ገመድ ይዳሰሳል፤ እግር ሲዘረጋ ይስባል። ይህ ስሜት በመጀመሪያው ቀን ቀላል ሆኖ ከሳምንት በኋላ የሚብስበት ጊዜ ስላለ ሕክምናው የተበላሸ ይመስላል። በጥቂት ሳምንታት ግን ይለቃል። ድንዛዜውም ምክንያት አለው። ከጉልበት በታች ከትልቁ የቆዳ ሥር ጎን ለጎን ስሜት የሚያስተላልፍ ነርቭ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ሊነካው ይችላል። ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይሻላል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ይቀራል። አረፋ በወሰደ ሰው ደግሞ ሥሩን ተከትሎ ቡናማ መስመር ይታያል፤ ከደሙ የተረፈ ብረት ነው፤ ለመጥፋት ከዓመት በላይ የሚፈጅበት ጊዜ አለ። ጠጣር እብጠት ቢኖር ታግዶ የቀረ ደም ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ በመርፌ ያወጣዋል።

ወራት አልፎም ክብደቱ ካልለቀቀ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ሌላ የላላ ሥር ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም ጥልቁ ሥር ራሱ ከቀድሞ የተጎዳ ይሆናል፤ ወይም ከመጀመሪያውም ሕመሙ የደም መልስ አልነበረም። የደም መልስ ሕመም ሲቆሙ ይብሳል፣ እግር ከፍ ሲደረግ ይቀልላል። የደም ቅዳ ጥበት ግን ጥቂት መንገድ ሲሄዱ ባትን ይይዛል፣ ቆም ሲሉ ይለቃል። ከወገብ ነርቭ የሚመጣው ከመቀመጫ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። በአገራችን ደጋ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው እብጠትም ከእግር መዳፍ የሚጀምር ነው፤ እርሱን ሌዘር አይፈውሰውም።

ወደ እትዬ እንመለስ። በሄድን በአራተኛው ቀን ጓደኛችን ሊጠይቃቸው ገባ። «ዕረፍት ያድርጉ» ስላልናቸው ከአልጋ አልወረዱም ነበር። ባታቸው አብጦ ይሞቃል፤ ጎረቤት ያመጣቻቸው ወጌሻም ቅቤ አስቀልጠው ሊያሹ ተዘጋጅተዋል። ጓደኛችን የልብስ ሰፊ ሜትር ተበድሮ ሁለቱንም ባት ከጉልበት በታች በእኩል ርቀት ለካ፤ ግራው በ4 ሳንቲ ሜትር በለጠ። ወጌሻውን በትሕትና ለምኖ አስቆማቸውና በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። በአልትራሳውንድ ሲታይ በጥልቁ ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ።

ይህ ከእንዲህ ያለው ሕክምና በኋላ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ ነገር ነው። ዳሩ ግን የረጋው ደም ተቆርሶ ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። ስለዚህ ከሕክምና በኋላ ሰው እንዲራመድ ይመከራል እንጂ አይተኛም፤ የእኛ ምክር ግልባጩ ነበር። ደግሞም ጭናቸውን ብቻ አይተን ባታቸውን አላየንም፤ ሁለቱን እግሮችም አላስተያየንም። አንዱ ባት ብቻ በአዲስ መልክ ካበጠ፣ ካመመና ከሞቀ በዚያው ቀን መታየት አለበት፤ መታሸት የለበትም። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይም ደም ካስሳለ ደግሞ ሰዓት እንኳ አይጠበቅም።

እትዬ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት ሦስት ወር ዋጡ። ገመዱ ጠፍቷል፤ ወደ ምጣዳቸውም ተመልሰዋል፤ አሁን ግን በየመካከሉ ወጣ ብለው ግቢውን ይዞራሉ። ድንዛዜው ግን የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ስፋት ይዞ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ እስካሁን አለ፤ ባገኙን ቁጥር በጣታቸው እየነኩ ያሳዩናል።